ጋቢናዬ ላይ የተቀመጠችው ልጅ

ሰኞ

ደረሱ። የመጀመሪያው ፎቶ የባሕር አይደለም፤ የሊያ ነው። ጋቢና ውስጥ ተንፈላስሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላለች። የእግሯንም የእጇንም ጥፍር ቀይ ተቀብታለች። ከኋላዋ በመስኮቱ በኩል ትንሽ ባሕር ይታያል፤ እሱም ደብዝዟል።

ያ መቀመጫ የኔ ነው። ይህን ደብተር ማንም ስለማያነበው በግልጽ ልጻፈው፦ ቀንቻለሁ። ጠዋት በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ አልተርስሃይሙ ውስጥ፣ ቁርስ ሳድል ቀንቼ ነበር፤ በባቡር ወደ ቤቴ፣ ወደ ረገንስዶርፍ ስመለስም ቀንቼ ነበር፤ አሁንም እራት ሳልበላ ቀንቼ ተቀምጫለሁ።

ባሌ ብሩክ ያንን አሮጌ ላንድክሩዘር የገዛው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። አሸዋ ላይ መንዳት የተማረው ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ነው። እኔ የተማርኩት አፋር ነው። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ስድስት ዓመት ሾፌር ሆኜ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ውሃ ሳመላልስ ነበር። ዙሪክ ከመጣሁ በኋላ ይህ ሙያ ማንንም አልጠቀመም፤ ብሩክን ግን ጠቀመው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የጠጠር ማውጫ ውስጥ እሑድ እሑድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መቼ ነዳጅ እንደሚሰጥ፣ መቼ መሪውን ላላ አድርጎ እንደሚይዝ፣ ሁሉንም።

የጄኔቭ ሐበሾች በሦስት መኪና ሞሮኮ ወርደው በአትላንቲክ ዳርቻ ሊነዱ ሲነሱ እኛም ተመዘገብን። የሚመሯቸው ጋሽ ተስፉ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር። አንድ ሕግ አላቸው፤ ማንም ሰው ብቻውን አሸዋ አይገባም። የኔ አውስቫይስ ደግሞ ለእድሳት ከገባ ሦስት ወር ሆነው። የመኖሪያ ካርዱ ከሌለ የሞሮኮ ቪዛ የለም። ካርዱ ካለ ግን ቪዛው በኢንተርኔት በጥቂት ቀን ይወጣል። ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ አልመጣም። ብሩክ «ምን ላድርግ ፍሬ፣ መንግሥት ነው» አለ። በኔ ቦታ ሊያ ተተካች። ጄኔቭ ተወልዳ ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከዚህ በፊት አሸዋ የምታውቀው ሕፃናት የሚጫወቱበት ሳጥን ውስጥ ያለውን ነው።

ጋቢና የሚቀመጥ ሰው ሥራው፦
የጎማ አየር ማስተንፈስ፤
ቀድሞ ወርዶ አሸዋውን በእግር ረግጦ ማየት፤
መኪናው ሲቀረቀር አካፋ መያዝ፤
ባሕሩ የሚሸሽበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ማወቅ።

እግር መስቀል የሚል የለበትም።

ማክሰኞ

ቪዲዮ ላኩ። አርባ ሰከንድ። የምትቀርጸው ሊያ ናት። ብሩክ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ይነዳል፤ በግራ የአሸዋ ተራራ፣ በቀኝ ባሕር። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ቆንጆ ነው፤ እሱም ራሱ አናደደኝ። ሬዲዮ ከፍተዋል። ይስቃሉ።

ከዚያ የሊያ እጅ ይገባል። እጇ ላይ ጭኮ አለ።

የኔ ጭኮ! በሶውን ራሴ ያዘጋጀሁት፣ ከአዲስ አበባ በሰው በሰው የመጣ ቅቤ ያፈሰስኩበት፣ ለመንገድ ብዬ በቆርቆሮ የሞላሁለት ጭኮ። ጠቅልላ ወደ አፉ ወሰደችው። እሱም አፉን ከፈተ። ዞር ብሎ ሳያይ ከፈተ! ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎርስ ሰው ትንሽ ያፍራል፤ «በቃኝ» ይላል፤ አንገቱን ያሸሻል። ይሄኛው ግን ለምዷል። ደግማ አጎረሰችው፤ ሁለተኛውንም ዋጠ።

በእረፍት ሰዓቴ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ደወልኩለት።

«ምን ሆነሽ ነው ፍሬ? እጄ እኮ መሪ ላይ ነው» አለኝ። «አሸዋ ላይ አይቆምም፣ ከቆምኩ እሰምጣለሁ። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

እውነቱን ነው። ለስላሳ አሸዋ ላይ የቆመ መኪና እንደገና አይነሳም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። የበለጠ ያበገነኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

«በጣም ርቦህ ነበር?» አልኩት።

«ኧረ በናትሽ!»

ስልኩን ዘጋሁት። ወ/ሮ ሽሚድ የሚሏቸው የዘጠና ዓመት አሮጊት «ፊትሽ ቀልቷል፣ ታመምሽ?» አሉኝ። ጥርሴን አሞኛል አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ በተገናኘን ቁጥር ስለ ጥርሴ ሲጠይቁኝ ዋሉ።

ማምሻውን ደግሞ የሊያ የድምፅ መልእክት መጣ። «ፍሬዬ፣ ጭኮሽ ሱፐር ነው!» ትላለች። ፍሬዬ! ማን ፍሬዬ እንድትለኝ ፈቀደላት?

ረቡዕ

ዛሬ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ የረገንስዶርፍ ማዘጋጃ ቤት፣ ጌማይንደው ዘንድ ሄድኩ። በሦስት ወር ውስጥ አራተኛዬ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ኮምፒውተሯን አየች፤ እንደገና አየች፤ ከዚያ በትሕትና «ካርድዎ ተሠርቶ በፖስታ ከተላከልዎ ሦስት ሳምንት አልፎታል» አለችኝ። በማን አድራሻ? በኔው። ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ? አልተመለሰም።

ሦስት ሳምንት። ያኔ ደርሶኝ ቢሆን ቪዛውን አውጥቼ ዛሬ እዚያ ነበርኩ።

የጠረጠርኳቸው በቅደም ተከተል፦ ፖስተኛው። የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፤ ባለፈው ዓመት የኛን ካታሎግ የወሰደው። የፖስታ ሳጥናችን በር፤ በደንብ አይገጥምም። እኔ ራሴ፤ ምናልባት ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ጥዬው እንደሆነ። መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥኩ፣ የሰፈሩ ወረቀት መጣያ ድረስ ወርጄ አየሁ፣ ከጎረቤትየው ጋርም ተጨቃጨቅሁ። ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

የሳጥኑን ቁልፍ የሚይዘው ብሩክ መሆኑ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ያችን ቪዲዮ ከፈትኩ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አልጽፍም። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ጣቷ ከንፈሩን ይነካው አይነካው እንደሆነ ላጣራ ብዬ ነው። እንዲህ ሆኛለሁ። አስቆምኩት፤ አጎላሁት። ጣቷ አይነካውም። ከጣቷ በስተጀርባ ግን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመስተዋቱ ሥር፣ አንድ ነጭ ፖስታ አለ። ጥጉ ላይ ሰማያዊና ነጭ የሆነው የዙሪክ ካንቶን ጋሻ ይታያል።

የሰኞውን ፎቶ ከፈትኩ። ከሊያ ቀይ ጥፍር አጠገብ ያው ፖስታ። እዚህኛው ላይ በደንብ ይነበባል። ፍሬሕይወት። ስሜ ነው። ከላይ ተቀዷል።

እኔ ረገንስዶርፍ ሶፋ ላይ ነኝ፤ አውስቫይሴ ሞሮኮ ባሕር ዳር ይዝናናል።

ደወልኩ። አይሠራም። እንደገና ደወልኩ። ኔትወርክ የሌለበት ገብተዋል። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት የተመኘሁትን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ያንቀኛል። ይስመጥ አልኩ። መኪናው እስከ በሩ ይቀበርና ሰው ሁሉ ይሳቅበት አልኩ። ሊያ በቀይ ጥፍሯ አሸዋ ትዛቅ አልኩ። ፖስታውን ለምን ደበቀ? ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ እሷን ሊወስድ ነዋ። ሌላ ምን ምክንያት አለ? ልብሱን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አልጋው ላይ ከመርኩት። ልጥለው ነው፣ ልልከው ነው፣ ልቀደው ነው፤ አልወሰንኩም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ። ብሩክ መስሎኝ የምሰድበውን አዘጋጅቼ አነሳሁት። ሊያ ናት። እያለቀሰች ነው።

«ፍሬ፣ መኪናው ገብቷል። አሸዋው በላው። ላ ሜር፣ ባሕሩ እየመጣ ነው!»

ሌሎቹ ሁለት መኪኖች ቀድመው ከድንጋዩ ጀርባ አልፈዋል። ብሩክ ቪዲዮ እንዲያምርለት ከነሱ ዱካ ወጥቶ ወደ ውሃው ተጠግቷል። ባሕሩ ሸሽቶ በሚቆይባቸው ጥቂት ሰዓታት ነው እዚያ የሚነዳው፤ ሰዓቱን የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ሊያ ኔትወርክ ፍለጋ የአሸዋ ተራራው ወገብ ድረስ ሮጣ ነው የደወለችው። ብሩክ «እንዳትደውይላት» ብሏታል። ከበስተጀርባ ሞተሩ ሲጮህ እሰማለሁ። ሲረግጥ፣ ሲረግጥ። በረገጠ ቁጥር ጎማው ይበልጥ ይቀበራል።

«ባሕሩ ምን ያህል ቀርቷል?»

«ሃያ እርምጃ። ኖን፣ አሥራ አምስት።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ድምፄ የአፋሩ ድምፄ ሆነ። ስልኩን እንዳትዘጊ፣ ድምፁን ከፍ አድርገሽ እየያዝሽ ውረጂ አልኳት፤ እንደ ዕድል መስመሩ አልተቆረጠም። ነዳጅ መርገጡን ያቁም። ከአራቱም ጎማ አየር ልቀቁ፤ መለኪያው አንድ ባር እስኪል፤ አትሳሱ። ከጎማዎቹ ኋላ ያለውን አሸዋ በአካፋ ዛቁ። ከመቀመጫው ሥር ያለውን ምንጣፍ አውጥታችሁ ከኋላ ጎማ ሥር ወትፉ። ወደ ፊት አትሞክሩ፤ የመጣችሁበትን ዱካ ይዛችሁ ወደ ኋላ ነው የምትወጡት።

አሥር ደቂቃ ይሆናል። ማለክለካቸው ይሰማኛል። ከዚያ የውሃ ድምፅም መጣ።

«ማን ነው መሪ ላይ ያለው?»

«ብሩክ።»

«አስወርጂው።»

«እሱን?» አለች።

«ሊያ፣ እሱ ሲደነግጥ ይረግጣል። አንቺ ግቢ። እሱ ከፊት ሆኖ ይግፋ።»

«እኔ? ሜ ኖን! እኔ አልችልም!»

«ስለማትችይ ነው የምልሽን ብቻ የምታደርጊው። ኋላ ማርሽ አስገቢ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። በእንቁላል ላይ እንደቆምሽ አስቢ። ነዳጅ በጣም በትንሹ። ቀስ... ቀስ... አትቁሚ። መሪውን አትጠምዝዢ። አትቁሚ ሊያ፣ አትቁሚ!»

ጮኸች። በፈረንሳይኛ ነው የጮኸችው፤ ምን እንዳለች አላውቅም። መኪናው ወጣ። ደረቁ ጋ እስክትደርስ አትቁሚ አልኳት፣ አልቆመችም። እኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን እየፈለገ ወለሉን ይረግጣል።

ሲረጋጉ ማልቀሷን ትታ «ኡፍ፣ እንዴት ነው ይህን ሁሉ የምታውቂው?» አለችኝ። «ብሩክ አንቺ አሸዋ ትፈሪያለሽ፣ ለዚህ ነው የቀረሽው ብሎን እኮ ነው።»

አሸዋ ትፈራለች! ለጋሽ ተስፉም፣ ለሁሉም፣ እንዲህ ብሎ ነው የነገረው። ከጉርሻው ሁሉ ይሄ በለጠብኝ።

«ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ፖስታ የኔ ነው» አልኳት። «ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ።»

«ያንቺ ነው? የኢንሹራንስ ነው ያለኝ። የጎማ መለኪያ ስፈልግ ከዳሽቦርዱ ኪስ ያወጣሁት እኔ ነኝ።» የዓመት ፈቃዷ ስላለቀ ቅዳሜ ከአጋዲር በአውሮፕላን ጄኔቭ ትገባለች። ለሌሎቹ የቀራቸው አስፋልት ብቻ ነው።

ልብሱን ከአልጋው ላይ አንስቼ መለስኩት። አላጠፍኩትም፤ ወረወርኩት እንጂ።

ዓርብ

ብሩክ ጠዋት ደወለ። ድምፁ የታመመ ሰው ይመስላል። ሰላም አላልኩትም።

«ሊያን ለመውሰድ ነው?» አልኩት።

«ሊያ ደግሞ ምን አገባት!» አለ። ደነገጠ፤ ድንጋጤው የውሸት አይደለም። እኔ ድንጋጤውን አውቀዋለሁ።

«ታዲያ ለምን?»

ነገረኝ። ባለፈው መስከረም ጋሽ ተስፉና ሁለት ጓደኞቻቸው ከጄኔቭ መጥተው ጠጠር ማውጫው ውስጥ አብረን ዋልን። ብሩክ ዳገቱ ላይ ተቀረቀረ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አቃተው። እኔ ገብቼ በአንዴ አወጣሁት። ጋሽ ተስፉ «እንግዲህ ሾፌሯ ታወቀች፣ አንተ ጋቢና ግባ» አሉት፤ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ ነው የሚለው። ያን ቀን ረስቼዋለሁ። እሱ የሳቅነውን ሰዎች በየስማችን ይቆጥራል።

«ብትመጪ አንቺ ነበርሽ የምትነጂው» አለኝ። «እነሱም ካንቺ ጋር ነው የሚያወሩት። መኪናው የኔ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሳምንት ብቻ፣ ሾፌሩ እኔ እንድሆን ፈለግሁ። ፖስታውን ስከፍት ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ነገ፣ ከዚያም ነገ...»

«አሸዋ ትፈራለች ያልከውስ?»

«ለምን ቀረች ሲሉኝ ከአፌ አመለጠ» አለ።

ምን ልበለው? እኔ ሳምንቱን ሙሉ በጋቢና ስቃጠል፣ እሱ ስምንት ወር ሙሉ በመሪው ሲቃጠል ኖሯል። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን። የሰማሁት የራሴን በሽታ ነው፤ የሱ ግን ቆይቶበታል። አላዘንኩለትም። ትንሽ አዝኜለት ከሆነም አልነገርኩትም። «በሰላም ግባ» ብዬ ዘጋሁት።

አንድ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ለምንድን ነው ጋቢናው የኔ ነው እያልኩ ስጨቃጨቅ የከረምኩት? ስድስት ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። ስንመዘገብ «ሾፌር ብሩክ» ተብሎ ሲጻፍ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ቅዳሜ

ጄኔቭ ደርሼ መጣሁ። ሊያ ከእናቷ ጋር ቶኔ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ከጣቢያው በትራም የፈረንሳይ ድንበር አካባቢ ድረስ ይኬዳል። እናቷ የአንድ ዲፕሎማት ቤት ምግብ አብሳይ ናቸው፤ ቅዳሜም ሥራ ላይ ነበሩ።

በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየሁት መልኳን ነው። ፎቶው ላይ ካለችው ትበልጣለች። አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል፤ እንደዚያም ሆና ታምራለች። መዳፏ ውኃ ቋጥሯል፤ የአካፋው ነው። ቀይ ጥፍሯ ሁለቱ ተሰብረዋል። በዚህ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ፖስታውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ካርዱ ውስጥ ነው። ፎቶዬ የተቆጣሁ ያስመስለኛል። ፖስታው ሲንቀሳቀስ አሸዋ ይረግፋል።

ስለ ጉርሻው ጠየቅኋት። ላልጠይቅ ነበር፤ አልቻልኩም። ግራ ገባት። «እማዬ እንደዚህ ነው ያስተማረችኝ፤ ሰው እጁ ካልተመቸው ታጎርሻለሽ። ኑር ነው እንዴ?» አለችኝ። ነውር ለማለት ነው። ደግ ልጅ ናት። ደግ መሆኗ ምንም አልጠቀመኝም፤ ተንኮለኛ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ መኪናውን ስላወጣችበት ሰዓት መተረክ ጀመረች። ተነስታ በእጇም በእግሯም እያሳየች። አሸዋው ሥሯ ሲንቀሳቀስ እንዴት እንደሚሰማ፣ መኪናው ከፍ ሲል፣ የብሩክ ፊት ከፊት መስተዋቱ ማዶ እያነሰ ሲሄድ፣ ባሕሩ የጎማቸውን ዱካ ሲሞላው። ዓይኗ ይበራል። «ፍሬ፣ ሌላ ጊዜ አስተምሪኝ» አለች።

እሺ አልኳት። በባቡር ስመለስ እስከ በርን ከተማ ድረስ ቀናሁ። በጋቢናው አይደለም፤ በመሪው። ባሕር ዳር አሸዋ ላይ መጀመሪያ የነዳችው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ያስነዳኋት ደግሞ እኔው ነኝ።

እሑድ

ጋሽ ተስፉ ከመርከብ ላይ ደወሉ። ነገሩን ሁሉ ሰምተዋል። «አንቺ ሴትዮ፣ ከወጥ ቤትሽ ሆነሽ መኪና አወጣሽ አሉ» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ትተው «ይቅርታ፣ እኔም የሰማሁትን አመንኩ» አሉኝ። ጥቅምት ላይ እንደገና ይወርዳሉ። ለአንድ መኪና ቦታ ይዘውልኛል። ቅጹን ላኩልኝ፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሾፌር። ጋቢና።

ሾፌር በሚለው ላይ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። አያት አልተጠየቀም፤ ጻፍኩት።

ጋቢና የሚለው ላይ ቆምኩ። ወዲያው የብሩክ መልእክት መጣ፤ እሱም መርከቡ ላይ ነው፤ ጋሽ ተስፉ ነግረውታል መሰለኝ። «ማንን ልትጽፊ ነው?» ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

ሊያ ብዬ ጻፍኩ። ጻፍኩና አየሁት። እሱ ጥቅምት ላይ እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ እኛ የምንልከውን ቪዲዮ እያጎላ ሲያይ ታየኝ። ደስ አለኝ። ደረቴ ሁሉ ሞቀኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። በዚህ ሳምንት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ትንሽ ቆይቶ ግን ፈራሁ። ፖስታውን የደበቀ ቀን እሱም እንዲህ ደስ ብሎት ይሆናል። እንዲህ ሞቆት።

ስሟን አጠፋሁት። የሱንም አልጻፍኩም፤ ገና ነኝ። መስመሩ ባዶ ነው። «ማንን ልትጽፊ ነው?» የሚለውን አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ልኮታል። ማክሰኞ ይገባል። ፊቱን አይቼ ነው የምጽፈው።